«የጊታሬ ባትሪ የት ነው የሚገባው?»

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የላከችልኝ ጥያቄ ይኸውላችሁ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሰፈሬ ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛልኝ መጣች። ደስታዬን አልነግርዎትም። ግን ስመታው ድምፁ እንደ ትንኝ ነው፣ የወንድሜ ክራር ይበልጠዋል። ባትሪ የሚገባበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድም የለውም። ተበላሽቶ ይሆን? ቤት ባለው ትልቅ ስፒከር ላይ ልሰካው? እናቴ ደግሞ መብራት ይይዝሻል ብላ ከልክላኛለች። እኔ ትዝታ መጫወት ነው የምፈልገው፤ ጓደኞቼ ግን ይሄ ለሮክ ብቻ ነው ይሉኛል። ከምን ልጀምር?»

አልተበላሸም። መጀመሪያ ይቺን ልንገርሽና ተንፍሺ። ኤሌክትሪክ ጊታር ምንም ላይ ሳይሰካ ሲመታ ድምፁ እንደዛው ነው። ጊታር በምጠግንባት ጠባብ ክፍሌ «አይሰራም» ተብለው መጥተው፣ ኬብል ስሰካላቸው ግን ቤቱን ያናወጡት ብዙ ናቸው። አንዱ ባለቤት እንደውም ስንት ልክፈል ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለታችንም አፍረን፣ ማኪያቶ ጋብዞኝ ሄደ።

ክራሩ የበለጠው ለምን መሰለሽ? የወንድምሽን ክራር ገልብጠሽ እዪው። ገበቴ አለው፣ ገበቴው ላይ ቆዳ ተወጥሯል። ክሩ ሲመታ መንቀጥቀጡ በበርኩማው በኩል ወደ ቆዳው ይወርዳል። ቆዳው ሰፊ ስለሆነ አየሩን ይገፋዋል። ጆሮሽ ጋ የሚደርሰው በአብዛኛው የክሩ ሳይሆን የቆዳው ድምፅ ነው። ያንቺ ጊታር ግን ድፍን እንጨት ነው። ክር ብቻውን ቀጭን ነገር ነው፤ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገፋውም።

ካላመንሽኝ ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የጊታሩን የታችኛውን ጫፍ ቁም ሳጥን ላይ ቀስ ብለሽ አስደግፊውና ወፍራሙን ክር ምቺው። ድምፁ ባንዴ ይጎላል። ቁም ሳጥኑ ለጊታርሽ ገበቴ ሆነለት ማለት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እስካገኝ ድረስ ብዙ ወራት የተለማመድኩት በዚህ ዘዴ ነው። የቁም ሳጥኑን ቀለም እንዳትጭሪው ብቻ። እናትሽ በሌላ ምክንያት ትከለክልሻለች።

ታዲያ ለምን ድፍን አደረጉት? ሠርግ ላይ ማይክ የያዘው ሰው ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሰምተሽ ታውቂያለሽ። ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ ይይዛል፣ ስፒከሩ ያንኑ አጉልቶ ይመልሳል፣ ማይኩ እንደገና ይይዘዋል፤ ዙሩ ማለቂያ የለውም። ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታርም አምፕ ላይ ተሰክቶ ድምፁ ከፍ ሲል እንዲሁ ይጮሃል። ሳጥኑ በስፒከሩ ድምፅ ይንቀጠቀጣላ። እንጨቱ ድፍን ሲሆን ነገሩ በጣም ይቀንሳል። ለገበያ ቀርበው ከተሳካላቸው ኤሌክትሪክ ጊታሮች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣው፣ ሪከንባከር የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ነበር። ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ መጥበሻ ስለሚያስመስለው «መጥበሻ» ብለውት ቀረ። ዛሬ የምናውቀውን ድፍን የእንጨት ጊታር በብዛት አምርቶ ገበያ ያወጣው ደግሞ ሊዮ ፌንደር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950። በ1954 ስትራቶካስተር የሚባለውን አስከተለ። ያንቺ ጊታር ከላይ ሁለት ቀንድ ካለው የዚያ ዘር ነው። ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይቺን ነገር «ሳትጫወት እንዴት ትጠግናለህ» ለሚሉኝ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። እኔ ግን እጫወታለሁ፣ ይመዝገብልኝ።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ጥያቄሽን ሳነብ በጣም የወደድኩት ይቺን ክፍል ነው። ባትሪ የለውም፣ የሶኬት ገመድም የለውም። ታዲያ «ኤሌክትሪክ» የተባለው ኤሌክትሪኩን ከየት አምጥቶ ነው?

ራሱ ያመነጫል።

ባሕር ዳር ልጅ ሆነሽ ብስክሌት አልነዳሽም አትዪኝም። ድሮ የነበሩት ብስክሌቶች ጎማቸው ላይ የሚደገፍ ትንሽ ዲናሞ ነበራቸው፤ አባትሽን ጠይቂው። ጎማው ሲዞር የዲናሞውን ራስ ያዞረዋል፣ የፊቱ መብራት ቦግ ይላል። ስትቆሚ ይጠፋል። ባትሪ የለም። ዲናሞው ውስጥ ያለው ማግኔትና የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። ማግኔቱ ሽቦው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዴይ ይህን እ.ኤ.አ. በ1831 አሳየ፤ ዓለም እስከዛሬ የሚበላው ከዚያ እንጀራ ነው። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቆ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም ሌላ ምሥጢር የለውም። እዚያ ማግኔቱን የሚያዞረው ጎማ ሳይሆን ዓባይ ነው።

ጊታርሽ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ጣትሽ ነው። ከክሮቹ ሥር፣ እንጨቱ ውስጥ የተቀበሩትን ረዘም ያሉ ነገሮች ታያቸዋለሽ? ብዙ ጊዜ ስድስት የብረት ነጥብ አላቸው። ፒክአፕ ይባላሉ። ጭነት የምታመላልሰዋ መኪና ግን አይደለችም። መርፌ አምጪና ከነጥቦቹ በላይ በክር አንጠልጥለሽ ቀስ እያልሽ አቅርቢው። ሳብ ያደርገዋል። ማግኔት ነው። በማግኔቱ ዙሪያ ደግሞ በጣም የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል፤ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከራስ ፀጉርሽ ጋር የሚወዳደር። በአንድ የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ ላይ ወደ 8,000 ዙር ይጠቀለላል። ቢፈታ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንዴ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል ጓደኛዬን አንዱን እንዲያድስልኝ ለምኜው ነበር። ሽቦውን በጣቱ ይዞ ብርሃን ላይ አየውና «ይሄ ሽቦ ነው ጸጉር?» አለኝ። ሦስት ጊዜ በጠሰው። በአራተኛው ተሳካለት፣ ግን ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ ብሎ አስምሎኛል።

ክሩ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ከሥሩ ሆኖ እሱንም ትንሽ ማግኔት ያደርገዋል። ስትመቺው ክሩ ይወዛወዛል፤ አጠገቡ ያለው የማግኔት ኃይል አብሮ ይወዛወዛል፤ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል። አምስተኛው ክር በሰከንድ 110 ጊዜ ሲወዛወዝ ኤሌክትሪኩም 110 ጊዜ እየሄደ ይመለሳል። ፒክአፑ እንደ ማይክ ድምፅ አይሰማም። የሚያየው የብረቱን እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ ነው የክላሲክ ጊታር የናይሎን ክር ብታስሪበት አምፕ ላይ ሰክተሽም ዝም የሚለው። ክር ስትገዢ «ለኤሌክትሪክ ጊታር» ብለሽ ጠይቂ፤ ለጀማሪ ጣት ቀጭኑ ይሻላል፣ ሻጮቹ «ዘጠኝ» ወይም «አስር» የሚሉት።

ከፒክአፑ የሚወጣው ግን እጅግ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ቮልት ያነሰ። የብስክሌቱ ዲናሞ 6 ቮልት አውጥቶ አምፖል ያበራል፤ የጊታርሽ ግን ስፒከር አይገፋም። ስለዚህ የሚያጎላው ያስፈልገዋል። አምፕ ማለት ይኸው ነው። እኔ ለጀማሪ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ፤ አክስትሽ ያመጣችልሽ ግማሽ መሣሪያ ነው። ሌላው ግማሹ አምፑ ነው። ሰዉ ገንዘቡን ሁሉ ጊታሩ ላይ ያፈስና አምፑን «የሆነ ነገር» ያደርገዋል። እኔን ብትጠይቂኝ መካከለኛ ጊታር በጥሩ አምፕ፣ ውድ ጊታር በመጥፎ አምፕ ከመስማት አስር እጥፍ ይሻላል።

አንድ ለየት ያለ ነገር ልጥቀስልሽ። አንዳንድ ጊታሮች ባትሪ አላቸው። ጀርባው ላይ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ማስገቢያ ካለ «አክቲቭ» የሚባለው ዓይነት ነው። እንደዛ ከሆነ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ኬብሉን ከጊታሩ ንቀዪው። ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ያልቃል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ጃኩ፣ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። አንቺ ፈልጌ አጣሁ ስላልሽኝ ግን ያንቺ የተለመደው ይመስለኛል።

ቁልፎቹን በአጭሩ። ቮሊዩም ታውቂዋለሽ። ቶን ቀጭኑን ድምፅ እየቀነሰ ያለሰልሰዋል። ስዊቹ ደግሞ የትኛው ፒክአፕ እንዲሰማ ይመርጣል። በአንገቱ በኩል ያለው ወፈር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል። በብሪጁ፣ ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት ብረት በኩል ያለው ስል ነው፣ ይቆርጣል። ምክንያቱን በዓይንሽ ታያለሽ፤ ክሩ ከታሰረበት ጫፍ አጠገብ የሚወዛወዘው በጥቂቱ ነው፣ ወደ መሀል ሲሄድ በሰፊው። ቮሊዩሙን ስታዞሪ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማሽ አቧራ ነው፣ አትደንግጪ። ዘይት ወይም ላምባ ግን እንዳታፈሺበት። አንድ ደንበኛዬ አፍስሶበት ከውስጥ ሙጫ ሆኖ አገኘሁት።

እናትሽ የፈሩት ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጊታሩ ራሱ አይነዝርሽም። የሚያመነጨው ትንኝ እንኳ አይገድልም። ግን አንድ ነገር እወቂ፤ የጊታሩ የብረት ክሮች ከብሪጁ ሥር በተደበቀ ሽቦ በኩል፣ በኬብሉ አልፈው፣ ከአምፑ የብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። ይህ የሚደረገው ጉርምርምታውን ለመቀነስ ነው። ክሮቹን ስትነኪ ጩኸቱ ቀነስ የሚለው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ጊታር ስትይዢ የአምፑን አካል እንደያዝሽ ቁጠሪው። አምፑ ደህና ከሆነ፣ ሶኬቱም የመሬት ሽቦ ካለው፣ ምንም አትሆኚም። አምፑ ውስጥ ሽቦ ተላልጦ አካሉን ከነካ፣ ሶኬቱም የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ አደጋው ያኔ ነው። ብዙ የድሮ ቤቶቻችን ሶኬት ላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ለወግ ነው ያለው፤ ከኋላው ምንም የለም። ሦስተኛውን እግር ቆርጠው በሁለት እግር የሚሰኩም አሉ። ይሄ ሞኝነት ነው። በለዘበ ቃል ልለው ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም።

እኔን የያዘኝን ልንገርሽ። ድንኳን ውስጥ ሠርግ እንጫወት ነበር። የጊታሬ አምፕ ከአንዱ ቤት በተሳበ መስመር፣ የድምፁ ዕቃ ደግሞ ከጎረቤት በተሳበ ሌላ መስመር ነበር የሚሠራው። ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ሣር የተጎዘጎዘበት መሬት ርሷል። አጃቢ ድምፅ ልሰጥ ወደ ማይኩ ስጠጋ ከንፈሬ ብረቱን ነካ። ጥርሶቼ የረገፉ መሰለኝ። ጊታሩ በእጄ፣ ማይኩ በከንፈሬ፣ እኔ መሀል ላይ ድልድይ ሆኜ። ሙሽሮቹ ጭፈራ መስሏቸው አጨበጨቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ የማይጠፋ ነገር አለ፤ ባለ መብራት ካቻቪቴ፣ ቴስተር የምንለው። ማይክና ጊታር ባንድ መድረክ ካሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ሶኬት፣ የመሬት ሽቦ ካለው ሶኬት ካልሆነ አልጫወትም። ባለቤቱ ቢቆጣም አልጫወትም። ቴስተሩ ደግሞ ቶሎ ለማጣራት እንጂ ለዋስትና አይደለም፤ የቤታችሁን ሶኬት ኤሌክትሪሺያን ይየው።

ሌላም አለ። ክረምት ላይ ሲሚንቶ ወለል እርጥብ ሲሆን በባዶ እግርሽ አትጫወቺ። አምፕ ደግሞ አትክፈቺ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን። በተለይ ባለ አምፖሎቹ አሮጌ አምፖች ተነቅለውም ውስጣቸው ብዙ መቶ ቮልት ያቆያሉ።

ለእናትሽ የሚሆን መልስ ግን አለኝ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ። ክብሪት ከምታህል፣ ጊታሩ ላይ በቀጥታ ተሰክታ በኢርፎን ከምታሰማው ጀምሮ፣ የእጅ ቦርሳ እስከሚያክለው ድረስ አለ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ስለማይገናኝ የሚነዝር ነገር የለም። መብራት ሲጠፋም ትጫወቻለሽ፤ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ለአንቺ አልነግርሽም። በኢርፎን ስለሆነ ጎረቤትም አይቆጣም። ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የሚበልጥ ግዢ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 15 ዋት የሆነ የልምምድ አምፕ ለአንድ ክፍል ይበቃል። 100 ዋት ልግዛ የሚለኝን ጀማሪ ሁሉ፣ ስታዲየም ተከራየህ ወይ እለዋለሁ።

አክስትሽ በሚቀጥለው ስትመጣ አምፕም ላምጣልሽ ካለችሽ አንድ ነገር ንገሪያት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ጊታሩ ሶኬት ስለሌለው ከየትም ቢመጣ ችግር የለውም። አምፑ ግን ከኋላው የተጻፈውን ማየት አለባት። «100–240» ካለ የትም ይሠራል። «120» ብቻ ካለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። እኔ በወጣትነቴ ከውጭ የመጣልኝን አምፕ ሳላነብ ሰካሁት። አንድ ጊዜ «እምምም» አለ፣ ከዚያ ጭስ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ያን ሽታ እስከዛሬ አውቀዋለሁ።

ወደ ቤት ስፒከራችሁ። ልሰካው ላልሽው፣ ጊታሩ አይጎዳም፣ ግን ድምፁ ያሳዝንሻል። የጊታር ፒክአፕ ደካማ ነው። የጊታር አምፕ መግቢያ ይህን አውቆ የተሠራ ነው፤ ከፒክአፑ ምንም ያህል እንዳይጎትት 1 ሜጋኦም ገደማ ተቃውሞ ይደረግለታል። የቤት ቴፕና ስፒከር መግቢያ ግን የተሠራው ለስልክና ለዲቪዲ ስለሆነ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ የጊታሩን ጉልበት ይጠጣዋል። የሚወጣው ድምፅ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል፣ ቀጭኑ ሁሉ ተውጦ። የማይክ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ስፒከር ከሆነ በዚያ በኩል ይሻላል፣ ለጊዜው ይሆናል። ቮሊዩሙን ከዜሮ ጀምረሽ ቀስ አድርጊው። ኬብሉ ሁለቱም ጫፉ ትልቁ ጃክ፣ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ «የጊታር ኬብል» መሆን አለበት። የስፒከር ኬብል መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊያሳስትሽ ይችላል፤ ጊታር ላይ ሲሰካ ጫጫታውን ሁሉ ይሰበስባል።

ስለ ጫጫታ ካነሳን፣ ስትሰኪ «እምም» የሚል ጉርምርምታ ብትሰሚ ጊታሩ አልታመመም። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ በየግድግዳው ያለው ሽቦ ሁሉ ይህን ወደ አየር ይረጨዋል። ያ 8,000 ዙር ሽቦ የክሩን እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ይህንንም ይለቅማል። ፍሎረሰንት አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንድ ዲቫይደር ላይ የተሰካ ሌላ ነገር ሁሉ ያባብሰዋል። ቁጭ ያልሽበትን አቅጣጫ ትንሽ አዙሪ፣ ከአምፑም ራቂ፤ የሆነች ቦታ ላይ ጸጥ ይላል። ለዚህ መላ የዘየደው የጊታር ፋብሪካው የጊብሰኑ ሴት ላቨር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1955። ሴት ስሙ ነው፣ ወንድ ነው። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አደረገ፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ። ጉርምርምታው በሁለቱ ውስጥ እየተቃረነ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሃምበከር ይባላል። ፒክአፕሽ ጠባብና ነጠላ ከሆነ የድሮው ነው፤ ሁለት ያህል ሰፍቶ ካየሽው ሃምበከር ነው። የትኛው ይሻላል ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ነጠላው ያጉረመርማል፣ ግን ድምፁ እንደ ጠዋት አየር ጥርት ያለ ነው። እኔ ጉርምርምታውን መርጫለሁ።

ጓደኞችሽ ለሮክ ብቻ ነው ያሉሽን ተያቸው። በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታር የተጫወተውን ሰላም ስዩምን አድምጪ። በዚያ ዘመን ካሴት ያደገ ሰው ትዝታንም ባቲንም በኤሌክትሪክ ጊታር ነው ጆሮው የለመደው፣ ሳያውቀው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ኮርድ፣ ብዙ ክር አንድ ላይ መያዝ፣ አታጥኚ። በአንድ ክር ላይ ትዝታ ተጫወቺ። ቅኝቱ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው፤ ስልክሽ ላይ ነጻ መቃኛ አፕ ጫኚና ጊታሩ ሳይሰካም ጠጋ ብለሽ ቃኚው፣ ይሰማዋል። ከዚያ ሦስተኛውን ክር፣ ሶልን ያዢ። ከቀጭኑ ቆጥረሽ ሦስተኛ። አንገቱን የሚያቋርጡት የብረት ዘንጎች ፍሬት ይባላሉ። ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከኋላው፣ ተጠግተሽ ተጫኚ። ምንም ሳትነኪ ምቺው፤ ከዚያ 2ኛ ፍሬት፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛ። ቀስ ብለሽ። ወደ ላይ ሄደሽ ወደ ታች ተመለሺ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀና ብለሽ ፈገግ ትያለሽ፤ ትዝታ ሜጀር ነው። ማይነሩን ከፈለግሽ 4ኛውን በ3ኛ፣ 9ኛውን በ8ኛ ቀይሪው፤ ሁለት ፍሬት ብቻ አንድ አንድ ዝቅ አለ፣ ቤቱ ግን ለቅሶ ቤት ሆነ። ባቲን ለመሞከር ባዶ፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12። አንቺሆዬ ባዶ፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። አንቺሆዬ መጀመሪያ ላይ የተሳሳትሽ ያስመስልሻል። አልተሳሳትሽም፣ ቀጥዪ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ይገባሻል። የወንድምሽን ክራር ከጊታሩ ጋር አንድ ላይ ስትመቱት አንዳንዱ ድምፅ በትንሹ አይገጥምም። የጊታር ፍሬት የተሰካው ድምፁን እኩል እንዲከፋፍል ነው፣ አንድ እርምጃ ከሌላው አይበልጥም። የማሲንቆ ጣት ግን እንደዛ አይራመድም፤ የትኛዋን ድምፅ ሸርተት፣ የትኛዋን ከፍ ማድረግ እንዳለበት በጆሮው ያውቃል። ጊታር ላይ ይህን የምታገኚው ክሩን በጣትሽ ወደ ጎን ገፋ በማድረግ ነው። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይቀጥናል። ቀጭን ክር ግዢ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው። አንድ ቀን ማታ አዝማሪ ቤት ሄደሽ የማሲንቆውን ግራ እጅ ብቻ እዪ። ዘፈኑን ተዪውና እጁን ብቻ። በስልክ ቪዲዮ ከምትማሪው ይበልጣል። ከቤተሰብ ጋር ሂጂ እንጂ፣ በእኔ እንዳይላከክ።

መጨረሻ ላይ የሐይቁ ነገር። ጣና ዳር የሚኖር ጊታር ክረምት ላይ ይቸገራል። የክሮቹ ብረት እርጥበትና ላብ አይወድም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሳምንት በኋላ ቡናማ ነጥብ ስታዪ አትገረሚ። ተጫውተሽ ስትጨርሺ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ እያንዳንዱን ክር ከላይም ከሥርም ጥረጊው፤ አንድ ደቂቃ ነው። ወደ ሐይቁ በሚከፈት መስኮት ሥር አታቁሚው። ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አታስቀምጪው። አንገቱ እንጨት ስለሆነ በእርጥበትና በድርቀት ትንሽ ይጎብጣል፣ ይቃናልም። ክረምት ሲገባ ክሮቹ ከፍሬቱ ራቅ ያሉ ከመሰለሽ፣ ወይም በጋ ላይ መንተክተክ ከጀመሩ፣ አንገቱ ነው። ውስጡ የሚያስተካክለው የብረት ዘንግ አለ። እሱን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን አትነካኪው። በሩብ ዙር የሚስተካከል ነገር ነው፤ ጉልበት ያለው ሰው በአንድ ዙር ሰብሮ ያመጣልኛል።

አክስትሽ ካልተመለሰች ካርቶኑን እንዳትጥለው ንገሪያት። ጥግ ላይ፣ በትንሽ ላስቲክ ውስጥ፣ የተቆለመመ የብረት ቁልፍ ይኖራል። ጋራዥ ውስጥ ብሩጎላ የሚሉት ነው፣ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል። ያ የአንገቱ ቁልፍ ነው። አግኚውና ከጊታሩ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ክተችው። የዚያ ልክ እዚህ ገበያ ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞሬ ያጣሁበት ቀን አለ።